ውጤት የሚወጣ ዕለት

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። መምህር ከሚሴ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ባለሙያዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ስትሆን አሁን ሶፍትዌር ትሠራለች። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

መምህር፦ ገጹን ላሳይዎት ብለሽ ጠርተሽኝ፣ እኔ የማየው ጥቁር መስኮትና ብልጭ ድርግም የምትል መስመር ብቻ ነው።

ባለሙያ፦ ገጹማ አልቋል መምህር። በስልክዎ ከፍተው አይተውት የለ? ቁጥር ያስገባሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት ይመጣል። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱ በሚለቀቅበት ሰዓት ሁሉም ባንዴ ሲመጣበት ይችለዋል ወይስ ይወድቃል? እሱን ደግሞ እኔና እርስዎ በሁለት ስልክ ልናውቀው አንችልም።

መምህር፦ እኔ መልሱን ልንገርሽ፣ ይወድቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት እዚህ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። በድረ ገጽ ነው ይባላል፣ በአጭር መልእክት ነው ይባላል፣ የቴሌግራም ቦትም አለ። ልጁ ቁጥሩን ያስገባል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ባዶ ገጽ። ደግሞ ይጫናል። አባትየው ከጎኑ ቆሞ «አብሽር፣ ይመጣል» ይላል። አጎትየው ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ ያንኑ ቁጥር ይሞክራል።

ባለሙያ፦ ይህን ያሉትን ይያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። አሁን እስቲ እናስላ። የ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ከ845 ሺህ በላይ ነበሩ።

መምህር፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ደግሞ 27 ሺህ 267። አስተማሪ ሆኖ ያን ቁጥር የሚረሳ የለም።

ባለሙያ፦ ሰርቨሩ ግን ላለፈውም ላላለፈውም እኩል ነው የሚለፋው። ግማሾቹ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ገቡ እንበል።

መምህር፦ 422 ሺህ 500 ሲካፈል ለ600 ሰከንድ። በሰከንድ 704 ገደማ።

ባለሙያ፦ ያውም እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጫን። ገጹ አርማ፣ ሥዕልና የፊደል ፋይል የሚያስመጣ ከሆነ አንዱ መክፈት አምስት ስድስት ጥያቄ ይሆናል።

መምህር፦ ቆይ፣ 704ን ይዘን እንሂድ። አንዱ ሰው መልስ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይቆያል?

ባለሙያ፦ ሁለት ሰከንድ ይበሉት።

መምህር፦ እንግዲያው በየትኛውም ቅጽበት ውስጥ ያሉት 1,408 ናቸው፤ የመግቢያው ፍጥነት በቆይታው ሲባዛ። የሊትል ሕግ ይሉታል፤ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ነው ማረጋገጫውን ያሳተመው። መልኩ ቀላል ስለሆነ ተማሪ ይንቀዋል። ቆይታው 10 ሰከንድ ቢሆንስ? 7,040። የመጣው ሰው አልጨመረም እኮ! ሰርቨሩ ስለዘገየ ብቻ ውስጥ የታጨቀው አምስት እጥፍ ሆነ።

ባለሙያ፦ የታጨቀው ሁሉ ደግሞ ባዶ እጁን አይቆምም። ሜሞሪ ይይዛል፣ ከዳታቤዙ ጋር መስመር ይይዛል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ቅንብሩን ካልነኩበት የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ነው። 101ኛው ወይ ቆሞ ይጠብቃል ወይ ይባረራል።

መምህር፦ ይህ ነገር የቆየ ነው። ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. የስልክ ጥሪ እንዴት እንደሚደራረብ አስልቶ ጽፏል። ቀላሉን ሞዴል ብትወስጂ፣ ሰርቨሩ የጊዜውን ግማሽ ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ አማካይ ቆይታው ባዶውን ከነበረበት ሁለት እጥፍ ነው። ሥራው 80 በመቶ ሲደርስ አምስት እጥፍ፣ 90 ሲደርስ አሥር እጥፍ፣ 99 ሲደርስ መቶ እጥፍ። መስመሩ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ተኝቶ ይሄድና ከዚያ እንደ ግድግዳ ይነሳል።

ባለሙያ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በ50 ሰው ሞክሮ ደህና ሲሄድለት «በ500 ትንሽ ቢዘገይ ነው» ብሎ ይተኛል። ግድግዳው 300 ላይ ይሁን 3,000 ላይ የሚታወቀው እስኪነካ ድረስ ሲገፋ ብቻ ነው።

መምህር፦ እና ይሄ ጥቁር መስኮት 704 ሰው ሊሆንልሽ ነው?

ባለሙያ፦ ቀስ በቀስ። ጄሜተር ይባላል፤ አፓቺ የሚባለው ድርጅት ነው የሚያወጣው፣ በነጻ ይገኛል፣ በጃቫ የተጻፈ። መጀመሪያ የጻፈው ስቴፋኖ ማዞኪ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ዕቅዱን፣ ማለትም የትኛውን ገጽ፣ በስንት ሰው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጠይቅ፣ በማውስ እየጫንኩ በመስኮቱ እሠራዋለሁ። ፍተሻው ግን በመስኮቱ አይደረግም። ፕሮግራሙ ራሱ ሲከፈት «ይህን መስኮት ለጭነት ፍተሻ አትጠቀሙበት፣ ለእሱ ኮማንድ ላይን አለላችሁ» የሚል ማሳሰቢያ ይጽፋል።

መምህር፦ የራሱን መስኮት ራሱ አይወደውም ማለት ነው።

ባለሙያ፦ ግራፍ መሳልና ሠንጠረዥ ማደስ ሥራ ነዋ። እያንዳንዱን ምናባዊ ተጠቃሚ ለብቻው እያንቀሳቀሰ፣ በላዩ ላይ ሥዕል ሲስል ማሽኑ ይጨናነቃል። በዚህ በከሚሴ ሙቀት ደግሞ ላፕቶፔን አያውቁትም። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ የዘገየው ሰርቨሩ ይሁን የእኔ ላፕቶፕ በምን ልወቀው? ፈታኙ ራሱ ሲደክመው የተፈታኙን ውጤት ማመን አይቻልም።

መምህር፦ እሱስ በእኛም ሙያ አለ።

ባለሙያ፦ ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ሰፈር ይበልጥ ያስኬዳል። ገጼ 50 ኪሎባይት ነው እንበል። በሰከንድ 704 ሲመጣ 35 ሜጋባይት ነው፤ አንድ ጊጋ ዳታ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። ፓኬጄ ይለቅና፣ ከሚሴ ቁጭ ብዬ በሞባይል ዳታ ብተኩስ የምፈትነው ሰርቨሬን አይደለም፣ የቴሌን አንቴና ነው። ስለዚህ ከሰርቨሩ አጠገብ፣ እዚያው ዳታ ሴንተር ውስጥ ሌላ ማሽን ለሰዓታት እከራያለሁ። ከዚህ ሆኜ ኤስኤስኤች በሚባለው የርቀት መግቢያ እገባበታለሁ። በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ፊደል ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይሠራል። መብራት ቢሄድ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ ደግሞ ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ስላስጀመርኩት ፍተሻው እዚያው ይቀጥላል፤ ስመለስ እየሄደ አገኘዋለሁ። መስኮት ያለው ፕሮግራም ይህን አያደርግልኝም።

መምህር፦ እሺ፣ አስጀምሪው እስቲ።

ባለሙያ፦ እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ ልንገርዎ። በ20 ሰው ብቻ ነው፣ ምንም አይሆንም። ጄሜተር ብለው ይጻፉ።

መምህር፦ ጻፍኩ። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» አለኝ።

ባለሙያ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው መምህር። ይቀይሩት፣ በእንግሊዝኛ ትንሹ ፊደል። አሁን ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤን፤ ያለ መስኮት ማለት ነው። ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ቲ፣ ከዚያ የዕቅዱ ፋይል ስም። ሰረዝ ኤል፣ ውጤቱ የሚጻፍበት ፋይል ስም። መጨረሻ ላይ ሰረዝ ትልቁ ጄ፣ ክፍት ቦታ ሳይሰጡ ዩዘርስ እኩል ይሆናል 20። ነገ 200 ስፈልግ ዕቅዱን አልነካውም፣ ይህችን ቁጥር ብቻ እቀይራለሁ። ኢንተር ይበሉት።

መምህር፦ ዝም አለ።

ባለሙያ፦ በየ30 ሰከንዱ ነው የሚናገረው። ይኸው መጣ። የመደመር ምልክት ያለባት መስመር ያለፉትን ሰከንዶች ብቻ ትነግርዎታለች፣ የእኩል ይሆናል ምልክት ያለባት ደግሞ ከመጀመሪያው ያለውን ድምር። ስንት ጥያቄ ተላከ፣ በሰከንድ ስንት፣ አማካይ ቆይታ፣ ትንሹ፣ ትልቁ፣ ስህተት በመቶኛ። እኔ ዓይኔን የመደመሯ መስመር ላይ ነው የማደርገው፤ ድምሩ የመጀመሪያዎቹን ደህና ደቂቃዎች ይዞ ስለሚሄድ ክፉውን ዘግይቶ ያሳያል።

መምህር፦ አማካዩን ብቻ አይተሽ እንዳትረኪ። መቶ ሰው ገባ፤ 99ኙ በ0.1 ሰከንድ አገኙ፣ አንዱ 30 ሰከንድ ቆመ። አማካዩ 0.4 ነው። ከመቶው አንድም ሰው 0.4 ሰከንድ አልቆየም! የማንም ያልሆነ ቁጥር ነው።

ባለሙያ፦ ለዚህ ነው ሲያልቅ ሰረዝ ኢ እና ሰረዝ ኦ ጨምሬ ሪፖርት የማስወጣው። እዚያ ላይ 90ኛው፣ 95ኛውና 99ኛው ፐርሰንታይል አለ። 99ኛው 12 ሰከንድ ካለኝ፣ ከመቶ አንዱ ከ12 ሰከንድ በላይ ቆሟል ማለት ነው። ከ845 ሺህ አንድ በመቶው ስንት ነው?

መምህር፦ 8 ሺህ 450 ልጅ።

ባለሙያ፦ ሌላም አለ፣ ይህ የበለጠ ያታልላል። ሰርቨር ሲወድቅ ሁልጊዜ አይዘገይም፤ አንዳንዴ ይፈጥናል። ዳታቤዙ እምቢ ሲለው «ይቅርታ፣ በኋላ ይሞክሩ» የሚል ገጽ ያወጣል፣ ያን ለማውጣት ደግሞ ምንም አይለፋም። አማካዩ ድንገት ያምራል፣ ደስ ይልዎታል። የባሰው የይቅርታው ገጽ 200 የሚል ኮድ ይዞ ሲመጣ ነው፤ 200 ማለት «ሁሉ ደህና» ስለሆነ ስህተቱም ዜሮ በመቶ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ ዕቅዱ ውስጥ የተማሪው ቁጥርና ድምር ውጤት ገጹ ላይ መኖሩን እንዲያጣራ አድርጌዋለሁ። ከሌለ ወድቋል ይላል፣ ኮዱ ምንም ይሁን።

መምህር፦ የማንን ቁጥር ነው የሚጠይቀው? ሃያውም አንድ ተማሪ ናቸው?

ባለሙያ፦ ጥሩ መጡ። አንድ ቁጥር ብቻ ደጋግሜ ብልክ ሰርቨሩ የመጀመሪያውን መልስ ያስቀምጥና ያንኑ ይመልሳል፤ ዳታቤዙ ጋር አይደርስም። ውጤቱ ግሩም ይሆናል፣ ውሸትም ይሆናል። ስለዚህ የተለያዩ የፈተና ቁጥሮች በአንድ ፋይል ዘርዝሬ ለጄሜተር ሰጥቼዋለሁ፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን እያነሳ ይሄዳል። በስም መፈለጊያውም እንዲሁ ነው። የሙከራ ስሞቹን መጀመሪያ ከአንድ ከተዘጋጀ ዝርዝር ነበር የወሰድኩት፣ ሁሉም የማይመሳሰል። የእኛ ዞን ልጆች ስም እንደዚያ ነው እንዴ? ሰዒድ መሐመድ ብለው ቢፈልጉ ስንቱ ይመጣል! ያውም ሰኢድ፣ ሰይድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ እየተባለ። በቁቤ የተመዘገበም አለ። አንድ ስም ፍለጋ መቶ መስመር ሲመልስና አንድ መስመር ሲመልስ የዳታቤዙ ልፋት አንድ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ደግሞ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ በላቲን ስም የተሞከረ ገጽ በአማርኛ ሲሞላ ይከብዳል።

መምህር፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህ 20 ምናባዊ ሰዎችሽ፣ መልስ ሲዘገይባቸው ምን ያደርጋሉ?

ባለሙያ፦ ይጠብቃሉ። መልሱ እስኪመጣ ሌላ አይልኩም።

መምህር፦ እንግዲያው ሰው አይደሉም! ቅድም ያዙልኝ ያልሽኝ ልጅ ጠበቀ? አባቱስ? አጎቱስ?

ባለሙያ፦ እዚህ ላይ ላደርስዎት ነበር። ሰኞ ባቲ ገበያን ያስቡት። ግመሉም ከብቱም ከአፋር በረሃም ከደጋም እየተነዳ ይመጣል። በሩ ላይ ያለው ሰው ቢዘገይ መንገድ ላይ ያለው ነጋዴ አይቆምለትም፤ ሰኞ ነውና መምጣቱን ይቀጥላል። የእኔ 20 ሰዎች ግን አንዱ ሳይወጣ ሌላው ከቤቱ የማይነሳ ገበያ ናቸው። ሰርቨሩ ሲደክመው እነሱም ያዝኑለታል። ጭነቱ ራሱን ይቀንሳል፣ ሪፖርቱም ክፉውን ሰዓት ይዘለዋል። ጊል ቴኔ የሚባል መሐንዲስ ለዚህ የመለኪያ ጉድለት ስም አውጥቶለት ብዙ ተከራክሮበታል። ደብልዩአርኬ የሚባለውን መሣሪያም አሻሽሎ፣ ሰርቨሩ መለሰ አልመለሰ በሰከንድ ይህን ያህል ላክ ሲባል የሚልክ አድርጎታል። ቬጀታ የሚባለውም እንደዚያው ነው። ኬ6 ላይም ጥያቄን በቋሚ ፍጥነት የሚያስገባ አሠራር አለ። ጄሜተርም ከ5.5 ጀምሮ የዚህ ዓይነቱን ጨምሯል።

መምህር፦ አንቺ የትኛውን ነው የያዝሽው?

ባለሙያ፦ አሁን ያዩት የሚጠብቀውን ነው፤ ዕቅዱ መሥራቱን ለማየት ይበቃል። ቁም ነገሩን የምለካው በሌላኛው ነው። ብዙዎች አፓቺ ቤንች በሚባለው ትንሽ መሣሪያ፣ ሰረዝ ኤን አንድ ሺህ፣ ሰረዝ ሲ ሃምሳ ብለው በአንድ መስመር ይጨርሳሉ። ለፈጣን ማየት አልከፋም። ግን ያም ጠባቂ ነው፣ ያውም አንድ አድራሻ ብቻ እየደጋገመ። በእሱ ተማምኖ ውጤት መልቀቅ ድፍረት ነው ባይ ነኝ።

መምህር፦ ይህ መውደቅ የሚደርሰው ገንዘብና ባለሙያ በማጣት ነው እንጂ ሌላው ዓለም...

ባለሙያ፦ ኧረ በጭራሽ! የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ድረ ገጹን ጥቅምት 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲከፍት ባንዴ የሚገባው ከ50 እስከ 60 ሺህ ሰው ይሆናል ተብሎ ነበር የታሰበው። 250 ሺህ መጣ። በመጀመሪያው ዕለት ተመዝግቦ መጨረስ የቻለው ስድስት ሰው ነው።

መምህር፦ ስድስት ሺህ?

ባለሙያ፦ ስድስት።

መምህር፦ ሱብሃነላህ። የንግድ ባንክ የዚያን ሌሊቱስ? ከዚሁ ዓይነት ነው?

ባለሙያ፦ መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሆነው? እሱ ሌላ ነው። ባንኩ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር ነው ያያያዘው፤ ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ብር እያወጣ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሄደ። ያ ሲስተም በጭነት አልወደቀም፤ ቆሞ ነው የተሳሳተው። የጭነት ፍተሻ እንደዚያ ዓይነቱን አይዝም።

መምህር፦ እሺ፣ ወደ ገጽሽ እንመለስ። ግድግዳውን ብታገኚውስ? ትልቅ ማሽን ልትገዢ ነው?

ባለሙያ፦ ስለዚያ አስቤያለሁ። ውጤት ከወጣ በኋላ አይለወጥም። ታዲያ ለእያንዳንዱ ልጅ ዳታቤዙን መቀስቀስ ምን ያደርጋል? ለእያንዳንዱ ቁጥር አስቀድሜ አንዲት ትንሽ ፋይል ጽፌ ባስቀምጥ ሰርቨሩ ፋይሏን አንስቶ ከመስጠት ሌላ ሥራ የለውም። አንዷ ፋይል አንድ ኪሎባይት ብትሆን የ845 ሺህ ተማሪ ውጤት 845 ሜጋባይት ነው።

መምህር፦ እሱማ በማንኛውም ስልክ ይያዛል!

ባለሙያ፦ የአገሩ ሁሉ ውጤት በአንድ ተራ ማሽን ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፤ የእኛ ስምንተኛ ክፍል ደግሞ የዚያ ቁራጭ ነው። ሁለቱንም አሠራር ጎን ለጎን ልለካቸው ነው፤ በስም ፍለጋውንም ለመጀመሪያው ቀን ልዘጋው አስቤያለሁ። ቁጥሩን የያዘ ልጅ በስም ምን ይፈልጋል?

መምህር፦ ወላጅ ነው በስም የሚፈልገው፣ ቁጥሩን ስለማያውቅ። ግን ለአንድ ቀን ይታገሳል። ፈቃድስ አለሽ? ካየሁት ነገር ይሄ ሰርቨር ከማጥቃት በምን እንደሚለይ አልገባኝም።

ባለሙያ፦ በፈቃድ ብቻ ነው የሚለየው። ያንኑ ትእዛዝ የሌላ ሰው ድረ ገጽ ላይ ብጽፈው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተኛል፤ የኮምፒዩተር ሥርዓትን ሥራ ማደናቀፍ እዚያ ውስጥ ወንጀል ነው። ሰርቨሩ የተከራየሁት ቢሆንም መስመሩን ከሌሎች ጋር ስለምጋራ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ፈቅደውልኛል።

መምህር፦ ከስንት ትጀምሪያለሽ?

ባለሙያ፦ በሰከንድ ከ50። በየአምስት ደቂቃው 50 እየጨመርኩ እሄዳለሁ፣ ስህተቱ አንድ በመቶ ሲያልፍ አቆማለሁ።

መምህር፦ እዚያ ላይ አታቁሚ። ከወደቀ በኋላ በስንት ደቂቃ እንደሚነሳም ማወቅ አለብሽ፤ ልጆቹ እንደሆነ ወደቀ ብለው መጫናቸውን አይተዉም።

ባለሙያ፦ እውነትዎን ነው። እንግዲያው አንድ በመቶውን ሲያልፍ ጭነቱን ወደ 50 እመልስና አሥር ደቂቃ አየዋለሁ። ካልተነሳ ያ ለብቻው ችግር ነው። አሁኑኑ ዕቅዱ ላይ ልጨምረው፣ ኪቦርዱን ይስጡኝ።